ከማመልከቻ ወደ ፕሮፖዛል፦ ዩኒቨርሲቲ ስለ ፕሮጀክት ዕቅድ ምን ያስተምራል?



እዚህ በካኩማ ለድርጅቶች ደብዳቤ ያልጻፈ ኮሚቴ የለም ማለት ይቻላል። የወጣቶች ማኅበር ጽፏል፤ የሴቶች ማኅበር ጽፏል፤ እድሮችም ጽፈዋል። ብዙውን ጊዜ የሚመጣው መልስ ከሁለት መስመር አይበልጥም። «ጥያቄያችሁ ደርሶናል፤ ለጊዜው ልንረዳችሁ ባለመቻላችን እናዝናለን» ይላል። አንዳንዴም ጭራሹን መልስ አይመጣም። ከዚያ በኋላ የሚከተለው ሐሜት ነው። «ሰው የሌለው ምን ያገኛል» እንባባልና ኮሚቴው ይበተናል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ከእነዚያ ደብዳቤ ጸሐፊዎች አንዱ ነበርኩ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የብሎካችን ወጣቶች ተሰብስበን ሃያ ኮምፒዩተር እንዲሰጠን አራት ገጽ ማመልከቻ ጻፍን። የደረሰብንን መከራ ዘረዘርን፤ ድርጅቱን አመሰገንን፤ በመጨረሻም እንዳይጨክኑብን ለመንን። አልተሳካም። በኋላ በካምፑ ውስጥ በሚሰጥ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት የመማር ዕድል ሳገኝ፣ ለፕሮጀክት ዕቅድ ኮርስ የመጀመሪያ የቤት ሥራ አድርጌ ያቀረብኩት ያንኑ አሮጌ ሐሳብ አሳምሬ ነበር። መምህሩ ወረቀቱን ሲመልሱልኝ በቀይ እስክሪብቶ አንድ መስመር ብቻ ጽፈውበታል፦ «ኮምፒዩተር መፍትሔ ነው፤ ችግሩ የት አለ?»

መልስ አልነበረኝም። ይህ ጽሑፍ ያን ጥያቄ ለመመለስ ስል ከተማርኩት ውስጥ ለማኅበሮቻችን ይጠቅማል ያልኩትን የያዘ ነው።

ትምህርቱ ከየት ይገኛል?

ስለ ፕሮጀክት ዕቅድና ስለ ፕሮፖዛል አጻጻፍ የሚያስተምሩ ኮርሶች በአብዛኛው የሚሰጡት በልማት ጥናት፣ በማኅበረሰብ ልማት፣ በሥራ አመራርና በትምህርት አስተዳደር ክፍሎች ነው። ስደተኛ ወደዚህ ትምህርት የሚደርስባቸው መንገዶች ጥቂት ቢሆኑም አሉ። ዳፊ የሚባለው በጀርመን መንግሥት የሚደገፍ የዩኒቨርሲቲ ስኮላርሺፕ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ለስደተኞች ሲሰጥ ቆይቷል። ዛሬ ጀስዊት ወርልድዋይድ ለርኒንግ ተብሎ የሚጠራው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 በካኩማ የርቀት ከፍተኛ ትምህርት ጀመረ። በዳዳብ ደግሞ የኬንያና የካናዳ ዩኒቨርሲቲዎች በመተባበር እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ለስደተኛ መምህራን የዲፕሎማና የዲግሪ ትምህርት ሰጥተዋል። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2030 ከስደተኛ ወጣቶች 15 በመቶው ከፍተኛ ትምህርት ውስጥ እንዲገቡ ዓላማ ይዟል። ከዚያ ገና ሩቅ ነን። ስለዚህ ጥቂቶቻችን የተማርነውን ለብዙዎቹ ማካፈል ግዴታችን ነው።

ማመልከቻና ፕሮፖዛል በምን ይለያያሉ?

እኛ ኢትዮጵያውያን ማመልከቻ መጻፍ እናውቅበታለን። አቤቱታ አቅራቢው ከታች፣ ሰሚው ከላይ ሆኖ የሚጻፍ ነው። ጸሐፊው መከራውን ይናገራል፤ ሰሚው ከራራለት ይፈርድለታል። ለግል ጉዳይ፣ ለምሳሌ የጠፋ የራሽን ካርድ ለማስተካከል፣ ዛሬም ተገቢው መንገድ እሱ ነው።

ፕሮፖዛል ግን ሌላ ነው። ማመልከቻ ርኅራኄን ይጠይቃል፤ ፕሮፖዛል እምነትን ይጠይቃል። ገንዘቡን የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ራሱ ለሌላ ለጋሽ ሒሳብ አቅራቢ ነው። ወረቀታችሁን የሚያነበው ሠራተኛ ልቡ ቢነካም እንኳ ለአለቃው «አሳዘኑኝ» ብሎ ገንዘብ ማስፈቀድ አይችልም። እሱ የሚፈልገው አምስት ነገር ነው፦ ችግሩ ምንድን ነው? ለስንት ሰው? ምን ትሠራላችሁ? በስንት ብር? መሠራቱንስ በምን እናውቃለን? በተለይ እ.ኤ.አ. በ2025 የዕርዳታ ገንዘብ በመላው ዓለም ክፉኛ ከቀነሰ ወዲህ እነዚህን ያልመለሰ ወረቀት ከጠረጴዛ አያልፍም።

ከዚህ በታች ዋና ዋናዎቹን ደረጃዎች በአንድ ምሳሌ እንመለከታለን። በምሳሌው ውስጥ ያሉት ቁጥሮች ለማስረዳት ያህል የተቀመጡ ናቸው።

ሀ. ችግሩን ከሥሩ መፈለግ

የጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ያስፋፋው «ዞፕ» የሚባል የዕቅድ ዘዴ አለ። አሠራሩ ቀላል ነው። ችግሩ የሚነካቸው ሰዎች አንድ ቦታ ይሰበሰባሉ። እያንዳንዱ ሰው በአንድ ካርድ ላይ አንድ ችግር ብቻ ይጽፋል። ካርዶቹ ግድግዳ ላይ ይለጠፋሉ። ከዚያም «ይህ የመጣው ከምንድን ነው? ይህስ ምን ያስከትላል?» እየተባለ ይደረደራሉ። ምክንያቶቹ ከታች እንደ ሥር፣ ዋናው ችግር በመሃል እንደ ግንድ፣ መዘዞቹ ከላይ እንደ ቅርንጫፍ ይሆናሉ። ይህ የችግር ዛፍ ይባላል። ካርድ ባይኖር የካርቶን ቁራጭ ይበቃል፤ መጻፍ የማይችሉ እናቶች ሲናገሩ ሌላ ሰው ይጽፍላቸዋል።

እዚህ ላይ አንድ ጥብቅ ደንብ አለ። «እገሌ የሚባል ዕቃ የለንም» የሚል ካርድ አይለጠፍም። «ኮምፒዩተር የለንም»፣ «የስፌት መኪና የለንም»፣ «አዳራሽ የለንም» የሚሉት ሁሉ ችግር የሚመስሉ መፍትሔዎች ናቸው። ዕቃው ባለመኖሩ በሰው ላይ የደረሰው ነገር ነው ችግሩ።

እንበልና የእኛ ወጣቶች «ኮምፒዩተር» ማለቱን ትተው «ልጆቻችን በትምህርታቸው ወደ ኋላ ቀርተዋል» ከሚለው ተነሡ። በብሎኩ ያሉትን ቤቶች አንኳኩተው ሲቆጥሩ የላይኛው ክፍል ተማሪዎች 62 ሆኑ። ከእነዚህ 41ዱ ከትምህርት ቤት ከተመለሱ በኋላ ፈጽሞ አያጠኑም። ለምን? 23ቱ «ሲመሽ መብራት የለንም» አሉ። 11ዱ፣ ሁሉም ልጃገረዶች፣ «ውኃ ስንቀዳና ምግብ ስናበስል ይመሽብናል» አሉ። 7ቱ ደግሞ «መብራት ወዳለበት ቦታ በማታ ለመሄድ እንፈራለን» አሉ። ኮምፒዩተር ያለ አንድም ልጅ የለም።

እንግዲህ ተመልከቱ። ሃያው ኮምፒዩተር ያኔ ቢሰጠን ኖሮ፣ ልጃገረዶቹ ውኃ ሲቀዱ፣ የተፈሩት መንገዶችም ጨለማ ሆነው፣ ኮምፒዩተሮቹ አቧራ ይጠጡ ነበር። ለዚህም ነው የመምህሩ ጥያቄ የገባኝ። ድርጅቱ አልጨከነብንም ነበር፤ እኛ ነን የገዛ ብሎካችንን ያልጠየቅነው።

ለ. ዓላማን በቁጥርና በጊዜ መወሰን

ችግሩ ከታወቀ በኋላ ዛፉ ይገለበጣል። «አያጠኑም» የነበረው «ያጠናሉ» ይሆናል። ነገር ግን ሁሉንም ሥር አንድ ማኅበር ሊቆርጠው አይችልም። ዝንጀሮ «መጀመሪያ መቀመጫዬን» እንዳለችው፣ በአቅም ካለው መጀመር ያሻል። የውኃ ቧንቧ የሚከፈትበትን ሰዓት እኛ አንወስንም፤ ስለዚህ ጉዳዩን ውኃ ለሚመለከተው ድርጅት እናሳውቃለን እንጂ በፕሮጀክታችን ውስጥ አናስገባውም። መብራትና የመንገድ ደኅንነት ግን በእጃችን ናቸው።

ዓላማ ሲጻፍ የሚሠራበት መመዘኛ እ.ኤ.አ. በ1981 ጆርጅ ዶራን የተባለ አሜሪካዊ በአንድ የሥራ አመራር መጽሔት ላይ ካወጣው ጽሑፍ የተወሰደ ሲሆን፣ ከጊዜ በኋላ በየትምህርት ቤቱ ተለምዷል። ዓላማው የተለየ፣ የሚለካ፣ ሊደረስበት የሚችል፣ ከችግሩ ጋር የተያያዘና ጊዜ የተቆረጠለት መሆን አለበት። ሁለቱን አወዳድሩ፦

«ተማሪዎችን በትምህርታቸው መርዳትና ብሩህ ተስፋ መስጠት።»

«ከጃንዋሪ እስከ ሴፕቴምበር ባሉት 9 ወራት 45 የላይኛው ክፍል ተማሪዎች፣ ከእነዚህም ቢያንስ 25ቱ ልጃገረዶች፣ በሳምንት አራት ቀን ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት በመብራት ያጠናሉ።»

የመጀመሪያው ጥሩ ምኞት ነው። ሁለተኛውን ግን ማንም ሰው ማታ መጥቶ ሊቆጥረው ይችላል።

ሐ. ሎግፍሬም የሚባለው ሰንጠረዥ

በዩኒቨርሲቲ ብዙ ተማሪ የሚያስፈራው ሎግፍሬም ነው። ይህ ሰንጠረዥ የተዘጋጀው እ.ኤ.አ. በ1969 ለአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት (ዩ.ኤስ.ኤይድ) ሲሆን፣ አዘጋጁ ሊዮን ሮዘንበርግ የተባለ አማካሪ ነው። ድርጅቱ በዚያን ጊዜ ሦስት ጣጣዎች ነበሩበት። የፕሮጀክቶቹ ዓላማ ግልጽ አልነበረም፤ ለየትኛው ውጤት ማን ኃላፊ እንደሆነ አይታወቅም ነበር፤ በመጨረሻ ሲገመገም ደግሞ ሁሉም በራሱ መለኪያ ስለሚሟገት ግምገማው ክርክር ይሆን ነበር። ሰንጠረዡ ለነዚህ የተሰጠ መልስ ነው። በኋላም ጀርመኖች፣ የሰሜን አውሮፓ አገሮችና የአውሮፓ ኮሚሽን ተቀብለውት ዛሬ ብዙ ለጋሾች የሚጠይቁት ቅጽ ሆኗል።

ሰንጠረዡ አራት ረድፍና አራት ዓምድ አለው። ረድፎቹን ከታች ወደ ላይ እያነበባችሁ «ይህ ከሆነ፣ ያ ይሆናል» በሉ፦

— ተግባር፦ የሶላር መብራት እንገዛለን፤ ክፍል እናዘጋጃለን፤ ወላጆችን በተራ እንመድባለን።
— ውጤት፦ እነዚህ ከተሠሩ፣ መብራት ያለው የማጥኛ ክፍልና ልጆቹን የሚሸኝ ተረኛ ይኖራል።
— ዓላማ፦ ክፍሉና ተረኛው ካሉ፣ 45 ተማሪዎች ማታ ማታ ያጠናሉ።
— ግብ፦ ካጠኑ፣ ከብሎካችን ወደሚቀጥለው ደረጃ የሚያልፉ ልጆች ይበዛሉ።

ከረድፎቹ ጎን ያሉት ዓምዶች ደግሞ የሚሠራውን፣ መለኪያውን፣ ማረጋገጫውንና ታሳቢውን ይይዛሉ። መለኪያው በማታው የሚገኙት ተማሪዎች ቁጥር ነው። ማረጋገጫው ተረኛው የሚፈርምበት የስም መዝገብ ነው። ታሳቢ ማለት ደግሞ ከቁጥጥራችን ውጭ ሆኖ ግን ሥራው የተመሠረተበት ነገር ነው፤ ለምሳሌ «ትምህርት ቤቱ ክፍሉን ማታ ማታ ይፈቅድልናል»። ይህ ታሳቢ ካልተረጋገጠ ሌላው ሁሉ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ፕሮፖዛሉ ከመግባቱ በፊት ከትምህርት ቤቱ የተፈረመ የፈቃድ ደብዳቤ አምጥቶ ማያያዝ ያስፈልጋል።

መ. በጀት እውነቱን ያወጣል

ብዙዎቻችን በጀትን የምንሠራው በመጨረሻዋ ሌሊት ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ዋጋው በግምት ይገባል፤ ድምሩም አንዳንዴ አይገጥምም። ገምጋሚው መጀመሪያ የሚያየው ግን እሱን ነው። የምሳሌያችን በጀት በኬንያ ሽልንግ እንዲህ ነበር እንበል፦

የሶላር ፓነል፣ ባትሪና አራት አምፖል — 48,000
መማሪያ መጻሕፍት፣ 30 በ900 — 27,000
ለሁለት አስጠኚዎች ኢንሴንቲቭ፣ በወር 5,000 ለ9 ወር — 90,000
መዝገብ፣ ጠመኔና የጽሕፈት መሣሪያ — 6,000
ለጥገና — 9,000
ጠቅላላ ድምር — 180,000

ይህ ለ45 ተማሪ ሲካፈል በነፍስ ወከፍ 4,000 ይመጣል። ጥሩ ገምጋሚ ወዲያው የሚጠይቀው የገንዘቡ ግማሽ ለአስጠኚ ክፍያ ስለመዋሉ ነው። «ገንዘቡ ሲያልቅስ ማን ይከፍላቸዋል?» ይላል። ቤቶቹን ስንጠይቅ መብራት የለንም፣ እንፈራለን አሉ እንጂ አስጠኚ የለንም ያለ አልነበረም። ሁለቱ አስጠኚዎች ከየት ገቡ? እውነቱን ለመናገር፣ ከኮሚቴው አባላት ሁለቱ ሥራ ፈት ስለነበሩ ነው። በጀት እንዲህ ያለውን ነገር ያጋልጣል።

ስለዚህ አንድ አስጠኚ ብቻ ይቀራል፤ ያለፉ ተማሪዎች በበጎ ፈቃድ ያግዙታል። ክፍያው 45,000 ሲሆን ድምሩ ወደ 135,000 ይወርዳል፤ በነፍስ ወከፍም 3,000 ይሆናል። ከ9 ወር በኋላ ከ45ቱ ቤተሰቦች 30ዎቹ በወር 180 ሽልንግ ቢያዋጡ 5,400 ይገኛል። 5,000ው ለአስጠኚው፣ 400ው ለጥገና ይውላል። መክፈል የማይችሉት 15 ቤተሰቦች በሽኝት ተራ ይደርባሉ። ፕሮጀክቱ ትንሽ ሆነ፤ ነገር ግን ለጋሹ ሲወጣ አብሮ አይወጣም።

የማኅበረሰቡን ድርሻም መጻፍ አትርሱ። በነፃ የተገኘው ክፍል፣ የወላጆች የሽኝት ሰዓት፣ የበጎ ፈቃደኞች ጉልበት ሁሉ መዋጮ ነው። ባዶ እጁን ያልመጣ ሰው በክብር ይሰማል።

ሠ. ወረቀቱ እንዴት ይደረደራል?

ለጋሹ የራሱ ቅጽ ካለው ቅጹን ብቻ ተከተሉ፤ አራት ገጽ ካለ አምስተኛ አትጨምሩ። ቅጽ ከሌለ የተለመደው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ የፕሮጀክቱ ስም፣ አጭር ማጠቃለያ፣ ማኅበሩ ማን እንደሆነና ከዚህ በፊት ምን እንደሠራ፣ ችግሩ፣ ዓላማው፣ ተጠቃሚዎቹ፣ ተግባራቱና በየወሩ የተከፋፈለ የሥራ ፕሮግራም፣ ክትትልና ግምገማ፣ በጀት፣ ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ሥራው እንዴት እንደሚቀጥል። ማጠቃለያው ከፊት ቢቀመጥም የሚጻፈው በመጨረሻ ነው።

በተጨማሪም ዕቅድ ድንጋይ አይደለም። በካምፕ ኑሮ አስጠኚው በድንገት ለሦስተኛ አገር ሠፈራ ሊጠራ ይችላል፤ አዲስ ስደተኛ ይገባል፤ ራሽን ይቀነሳል። በሎግፍሬም ላይ የሚነሣው ዋና ወቀሳም ሰውን ከሰንጠረዡ ጋር አስሮ እውነቱን እንዳያይ ያደርጋል የሚል ነው። ስለዚህ በየሦስት ወሩ መዝገቡን ተመልክቶ ማስተካከልና ለውጡንም ለለጋሹ በግልጽ ማሳወቅ ይገባል። ለውጥን መናገር አያሳፍርም፤ መደበቅ ግን እምነት ያጠፋል።

«ይኼማ የእድራችን ደንብ ነው»

ትምህርቱን ስጀምር ይህ ሁሉ የፈረንጅ ጥበብ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ማታ ሎግፍሬሙን ዘርግቼ ስሠራ የእድራችን ሊቀመንበር አባባ ጠጋ ብለው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ረድፍ በረድፍ ስተረጉምላቸው ሳቅ አሉና «ልጄ፣ ይኼማ የእድራችን ደንብ ነው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። እድር አባላቱን በስም ያውቃል። ወርኃዊ መዋጮው የተወሰነ ነው። ለሐዘን ቤት ምን እንደሚሰጥ፣ ድንኳኑን ማን እንደሚተክል፣ የቀረ ሰው ምን ያህል እንደሚቀጣ በደንብ ተጽፏል። ገንዘብ ያዡ ሒሳቡን በጉባኤ ያነባል፤ ተቆጣጣሪው ይመረምራል። ዓላማ፣ ተጠቃሚ፣ በጀት፣ መለኪያ፣ ክትትል ሁሉም አለ። የጎደለው ይህን እውቀት ለጋሹ በሚያነበው ቋንቋና ቅጽ ማስፈር ብቻ ነው። ለዚህም የተማሩት ወጣቶችና እድሩን ያቆሙት አባቶችና እናቶች አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ አለባቸው። አንዱ ያለ ሌላው የጻፈው ወረቀት ወይ ቋንቋ ያጥረዋል፣ ወይ እውነት ያጥረዋል።

ማሳሰቢያ

ፕሮፖዛል ለማስገባትም ሆነ ለማሳለፍ ለማንም የሚከፈል ገንዘብ የለም። የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽንና የተባባሪ ድርጅቶቹ አገልግሎት በነፃ ነው። «ገንዘብ ስጡኝ፣ አሳልፍላችኋለሁ» የሚል ሰው ቢገጥማችሁ ለኮሚሽኑ ጽሕፈት ቤት አስታውቁ። እንዲሁም ከሌላ ማኅበር ተገልብጦ ስሙ ብቻ የተቀየረ ፕሮፖዛል አታስገቡ፤ ገምጋሚዎቹ ሁለቱንም ያነባሉ።

የኮሚሽኑ ዋና መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2022 በስደተኞች ለሚመሩ ማኅበራት የሚሆን የፈጠራ ሥራ ድጋፍ ጀምሯል። በአሁኑ ጊዜ ይህም ሆነ ሌላ ጥሪ መውጣቱን ከጽሕፈት ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ተከታተሉ።

ወረቀታችሁን ከመስጠታችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦

1. የጻፍነው ችግሩን ነው ወይስ የምንፈልገውን ዕቃ?
2. ችግሩ የደረሰባቸውን ሰዎች፣ በተለይ ሴቶችንና ልጃገረዶችን፣ ጠይቀናል?
3. ዓላማችን ቁጥርና ጊዜ አለው?
4. እያንዳንዱ የበጀት መስመር ከአንድ ተግባር ጋር ይገናኛል? ድምሩስ ይገጥማል?
5. ገንዘቡ ያለቀ ዕለት ምን ይቀራል?
6. ወረቀቱን የማያውቀን ሰው ቢያነበው ይገባዋል?

እነዚህን የመለሰ ፕሮፖዛል ሁሉ ገንዘብ ያገኛል ማለት አይደለም፤ ገንዘቡ ጥቂት ነው፤ ጠያቂው ብዙ ነው። ነገር ግን ሳይሳካ ቢቀር እንኳ ማኅበሩ በሐሜት አይበተንም። በብሎኩ ስንት ልጅ እንደማያጠና፣ ለምን እንደማያጠናም ያውቃል። ያንን ያወቀ ማኅበር ሁለት አምፖል በራሱ መዋጮ ገዝቶ ሊጀምር ይችላል።

መልካም ሥራ ያድርግልን።